ስለ ፊደልና ስለ ጤና፤ በአርሲ አገር ስለ ነበረው መረዳዳት

የሰው ልጅ ብቻውን ሊሸከማቸው የማይችላቸው ሁለት ሸክሞች አሉ፤ አንደኛው በሽታ ነው፤ ሁለተኛውም አለማወቅ ነው። የታመመ ሰው የሚያስታምመው ይፈልጋል፤ ያልተማረም ሰው የሚያነብለት ይፈልጋል። ሁለቱም ሸክሞች ብዙ ጊዜ በአንድ ቤት ውስጥ አብረው ይገኛሉ፤ መድኃኒቱ በእጁ ሳለ፣ አወሳሰዱን የሚያነብለት ሰው በማጣቱ ብቻ የሚጎዳ አለና። ስለዚህ የጤናን ታሪክ የሚጽፍ ሰው የፊደልን ታሪክ ትቶ ሊጽፍ አይችልም።

ዛሬ ደብራችን የኢዮቤልዩ በዓሉን በሚያከብርበት ጊዜ ያለፈውን ዘመን ማሰብ ይገባል። እኛም በዚህ አጭር ጽሑፍ፣ ሁሩታና በዙሪያዋ ያለው የአርሲ አገር፣ ከእርሱም ጋራ ሌላው የኢትዮጵያ ክፍል፣ በፊደልና በጤና ነገር እንዴት እየተረዳዳ ከዚህ እንደ ደረሰ ለካህናትና ለምእመናን እናስታውሳለን። ይህንም የምናደርገው ለመመካት አይደለም። በእጃችን የገባው አዲስ መሣሪያ፣ ማለት የእጅ ስልክ፣ አባቶቻችንን የገጠማቸውን ጥያቄ እንደ ገና ስላመጣብን ነው። ጥያቄውም ይህ ነው፤ አዲስ ዕውቀት ወደ አንድ አገር በመጣ ጊዜ ጥቅሙ አስቀድሞ የሚደርሰው ለማን ነው? የሚቀርበትስ ማን ነው? በዚህ ጽሑፍ የተመለከተው የዓመት ቁጥር ሁሉ እንደ አገራችን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

ስለ ፊደል ገበታና ስለ ማኅበር

በአገራችን ብዙ ዘመን ፊደልን ሲያስተምር የኖረው የቤተ ክርስቲያን ደጅ ነው። ሕፃኑ በየኔታ እግር ሥር ተቀምጦ ሀ ሁ ይቈጥራል፤ ከዚያም አቡጊዳን፣ ቀጥሎም የዮሐንስን መልእክት፣ በመጨረሻም ዳዊትን ይማራል። ታላቁ ተማሪ ታናሹን ያስጠናዋል። ከሩቅ አገር የመጣው ተማሪ ቍራሽ እየለመነ ይኖራል፤ መንደሩም ይመግበዋል። ቍራሹን የሰጠችው እናት ራሷ አንድ ፊደል ባትቈጥርም፣ በእውነቱ የዚያ ትምህርት ቤት ደጋፊ ነበረች። እንግዲህ አንዱ ዕውቀቱን፣ ሌላው እንጀራውን አዋጥቶ የሚሠራ ሥራ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም።

ስለ በሽተኛና ስለ ሐዘንተኛም እንደዚሁ ነበር። ሰንበቴውና የጽዋ ማኅበሩ አባሉ ከቤት ሲቀር ለምን ቀረ ብሎ ይጠይቃል። በ20ኛው መቶ ዓመት በከተሞች የተስፋፋው ዕድርም ቀባሪ ላጣ ቀባሪ፣ ድንኳን ላጣ ድንኳን ሆነ። ኦሮሞው ወገናችንም በእርሻና በቤት ሥራ ዳዶና ጂጊ እየተባባለ ሲረዳዳ ኖሯል።

ነገር ግን እውነቱን ሳንሸሽግ መናገር ይገባናል። በፊደል ገበታው ዙሪያ ከተቀመጡት ልጆች መካከል ሴቶቹ እጅግ ጥቂቶች ነበሩ። ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የራቀው ባላገርም ፊደልን ሳያይ ኖሮ ሳያይ ሞቷል። ዕድሩም ቢሆን ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ሰው ከሞተ በኋላ ነበር እንጂ፣ እንዳይሞት ለማድረግ አልነበረም።

ስለ ጭላሎ የእርሻ ልማት

በአርሲ አገር ሰፊ የልማት ሥራ የተጀመረው በ1960 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት ተስማምተው፣ በጭላሎ አውራጃ ካዱ እየተባለ የሚጠራውን የእርሻ ልማት ድርጅት አቋቋሙ። ዋና ጽሕፈት ቤቱም በአሰላ ነበር። ድርጅቱ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በብድር ለገበሬ ሰጠ፤ በቁሉምሳ የስንዴ ዘር መረመረ፤ መንገድ ጠረገ፤ ውሃ አወጣ፤ ለሴቶችም የቤት አያያዝና የንጽሕና ትምህርት አስተማረ። ዛሬ አርሲ የስንዴ አገር መባሉ ከዚያ ሥራ ጋራ የተያያዘ ነው።

ይሁን እንጂ ከዚህ ሥራ የምናገኘው ትምህርት ሁለት ወገን አለው። ድርጅቱ የታሰበው ለትንሹ ገበሬና ለጢሰኛው ነበር። ነገር ግን ጢሰኛው ብድር ለማግኘት ከባለ መሬቱ ጋራ የተዋዋለበትን የጽሕፈት ውል እንዲያመጣ ይጠየቅ ነበር። ብዙው ጢሰኛ ደግሞ በቃል ብቻ የሚያርስ ስለ ሆነ ወረቀት አልነበረውም፤ ባለ መሬቱም ብዙ ጊዜ ለመፈረም እሺ አይልም ነበር። በሌላ በኩል ስንዴ ትርፍ እንደሚያስገኝ ያዩ ባለ መሬቶች ትራክተር ገዝተው ራሳቸው ማረስ ጀመሩ፤ ብዙ ጢሰኞችንም ካረሱት መሬት አስነሡ። ለድኻው የታሰበው በረከት ከፊሉ የድኻው ማፈናቀያ ሆነ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት የሕዝብ ያደረገው አዋጅ እስኪወጣ ድረስ ነገሩ በዚሁ ቆየ። ድርጅቱም በ1968 ዓ.ም. አርዱ ተብሎ ወደ ሌሎቹ የአርሲ አውራጃዎች ተስፋፋ።

ይህን ታሪክ ያነሣነው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ስዊድናውያኑም ኢትዮጵያውያኑም ባለ ሙያዎች በቅን ልቡና ደክመዋል። ነገር ግን መልካም ነገር ማምጣት ብቻ እንደማይበቃ በዚሁ በአውራጃችን ታይቷል። ከበሩ ላይ ወረቀት የሚጠይቅ በረከት ወረቀት ለሌለው ሰው ዝግ ነው። ይህን ቃል አንባቢ ይያዝልን፤ ወደ ፊት እንመለስበታለንና።

ስለ መሠረተ ትምህርት ዘመቻ

ከ1966 ዓ.ም. በፊት በኢትዮጵያ ከ100 ሰው ማንበብና መጻፍ የሚችለው 10 እንኳ የማይሞላ እንደ ነበረ ይገመታል። በ1967 ዓ.ም. 60 ሺህ ያህል ተማሪዎችና መምህራን በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ወጡ። ከዚያም ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ብሔራዊው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ትምህርቱ በ5 ቋንቋዎች ተጀምሮ ኋላ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ፤ ኦሮምኛውም በዚያን ጊዜ በግእዝ ፊደል ይጻፍ ነበር። አባት ከልጁ ጋራ፣ አያት ከልጅ ልጇ ጋራ ወንበር ተጋሩ። በዓለም የትምህርት ድርጅት በዩኔስኮ በኩልም አገሪቱ በ1972 ዓ.ም. ስለዚህ ሥራ ተሸለመች። የንባቡ መጽሐፍ ስለ እርሻ ብቻ አልነበረም፤ ስለ ውሃ ንጽሕናና ስለ ሕፃናት አያያዝም ይናገር ነበር፤ ፊደልና ጤና በአንድ ገጽ ላይ ተገናኙ ማለት ነው።

የዚህ ዘመቻ ድካም ግን በኋላ ታየ። ብዙ ሰው የምስክር ወረቀቱን ከተቀበለ በኋላ የሚያነበው ነገር አላገኘም፤ የተማረውንም ረሳ። ፊደል እንደ እርሻ ነው፤ ካልታረሰ ይዳዋል። ደግሞም ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ ኦሮምኛ ቁቤ በሚባለው በላቲን ፊደል ስለ ተጻፈ፣ በዚያ ዘመቻ ኦሮምኛን በግእዝ ፊደል ማንበብ የተማሩት ሽማግሌዎችና ባልቴቶች የልጆቻቸውን ደብተር ማንበብ አልቻሉም። ልጁ አባቱ ያነበበውን አያነብም፤ አባቱም ልጁ የጻፈውን አያነብም። ሁሩታን በመሰለች፣ ሁለቱም ቋንቋዎች በአንድ ግቢ ውስጥ በሚሰሙባት ከተማ፣ ይህ ነገር እንደ ቀላል ሊታይ አይገባም።

ስለ ሄጦሳ ውሃ

ለጤና የመጀመሪያው መድኃኒት ንጹሕ ውሃ ነው። በ1980ዎቹ ዓመታት በሄጦሳ ምድር የተሠራው የውሃ ሥራ በውጭ አገር ጭምር ስሙ የተጠራ ነው። ዋተርኤይድ የሚባለው የእንግሊዝ የበጎ አድራጎት ድርጅት ገንዘብና ሙያ ሰጠ፤ ከበዳ ተራራ ግርጌ የሚፈልቀው ምንጭ ተጠለለ፤ ያለ ሞተር፣ በቁልቁለቱ ኀይል ብቻ፣ ከ100 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ቧንቧ ወደ ብዙ መንደሮችና ከተሞች ወረደ። የቧንቧውን ቦይ የቈፈረው የየቀበሌው ሕዝብ ነው። በየቦኖው ኮሚቴ ተመረጠ፤ ሴቶችም ከኮሚቴው ገቡ፤ ከየኮሚቴዎቹም የተውጣጣ የውሃ ቦርድ ቆመ። ውሃው በነጻ አልተሰጠም፤ በትንሽ ዋጋ እየተሸጠ ገንዘቡ ለሠራተኞች ደመወዝና ለጥገና ዋለ።

ከጭላሎው የእርሻ ብድር ጋራ ስናስተያየው ልዩነቱ ግልጽ ነው። ከቦኖው ውሃ ለመቅዳት የጽሕፈት ውል አልተጠየቀም። እንስራ ተሸክማ የምትወጣው ሴት በሥራው ላይ የምትመክር ሆነች። ሰጪው ወገን ከሄደ በኋላም የሚጠብቀው ባለቤት ነበረው። የመረዳዳት ሥራ እንዲጸና ከተፈለገ፣ አስቀድሞ የተቸገረው ሰው ራሱ ከምክሩ ሊገባ ይገባል።

ስለ ጤና ኬላ

የዘመናዊ ሕክምና ታሪክ በአገራችን ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ይጀምራል፤ በስማቸው የሚጠራው ሆስፒታል በ1902 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቆመ። ነገር ግን ሆስፒታል በከተማ ሲቆም የባላገሩ ሰው ብዙ ቀን ተጕዞ ነው የሚደርሰው። ሐኪሙ ራሱ ወደ ሕዝቡ ቢሄድ ምን እንደሚሆን ያሳየው የፈንጣጣ ዘመቻ ነው። ዘመቻው በኢትዮጵያ በ1963 ዓ.ም. ተጀመረ። ከታቢዎቹ በእግርና በበቅሎ እየዞሩ፣ የአገር ሽማግሌዎችን እያስለመኑ፣ ገበያና በዓል እየጠበቁ ሕዝቡን ከተቡ። በአገራችን የመጨረሻው በሽተኛ በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ታየ፤ በሱማሌም የተገኘው በጥቅምት 1970 ዓ.ም. የመጨረሻው ሆነ። በ1972 ዓ.ም. ዓለም ሁሉ ከፈንጣጣ ነጻ መሆኑ ተነገረ። አባቶቻችን ሺህ ዓመት ያለቀሱበት በሽታ በጥቂት ዓመት ጠፋ፤ ከመድኃኒቱም ሌላ መድኃኒቱን ተሸክሞ በየደጁ የደረሰ ሰው ስለ ነበረ ነው።

ይህ አሳብ በ1995 ዓ.ም. በጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ሙሉ መልክ አገኘ። ለእያንዳንዱ ቀበሌ ሁለት ወጣት ሴቶች ከዚያው ከአገሩ ተመርጠው፣ አንድ ዓመት ተምረው፣ በጤና ኬላ ተመደቡ። ሥራቸውም 16 ዓይነት ሆኖ ተከፈለ፤ ክትባት፣ የእናቶች ክትትል፣ መጸዳጃ ቤት፣ የወባ መከላከልና ይህን የመሰለ። በጥቂት ዓመት ውስጥ ቍጥራቸው ከ30 ሺህ በለጠ። ከዚህና ከሌሎች ምክንያቶች የተነሣ፣ በ1992 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ 5 ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ የነበረው፣ በ2008 ዓ.ም. ጥናት 67 ሆኖ ተገኘ። ይህ ቍጥር ወረቀት ላይ ያለ ቍጥር ብቻ አይደለም፤ በየቤቱ ያልተለቀሰ ልቅሶ ነው።

ከዕድርም የሚመሳሰል ሌላ ሥራ በ2003 ዓ.ም. በ4 ክልሎች በ13 ወረዳዎች ተሞከረ፤ ይኸውም የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን ነው። ጐረቤት ሁሉ በዓመት ጥቂት ያዋጣል፤ የታመመውም ይታከምበታል። ቀድሞ ለቀብር እንዋጣ የነበርነው ለመዳን መዋጣት ጀመርን ማለት ነው።

ስለ ጠበልና ስለ መድኃኒት

ቤተ ክርስቲያናችንም ከዚህ ሥራ አልራቀችም። የልማትና የክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽንዋ በ1964 ዓ.ም. ተቋቁሞ በውሃ፣ በጤናና በስደተኞች ነገር ሲሠራ ኖሯል። የኤድስ በሽታ አገሩን ባስጨነቀበት ዘመንም ከባድ ጥያቄ ተነሣ። መድኃኒቱ በ1997 ዓ.ም. በነጻ መሰጠት ከጀመረ በኋላ፣ ወደ ጠበል የሄዱ አንዳንድ ምእመናን መድኃኒቱን መውሰድ የእምነት ጕድለት መስሏቸው ተዉት፤ በዚህም ብዙ ነፍስ ለአደጋ ተጋለጠ። በ1999 ዓ.ም. ግን ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉንና መድኃኒቱን አብሮ መውሰድ እንደሚገባ፣ አንዱም ሌላውን እንደማይከለክል በይፋ አስተማሩ። ሐኪም መቶ ጊዜ ቢናገር የማይሰማው ሰው ከአባቱ አፍ ሲሰማ ልቡ ያርፋል። ካህን በጤና ነገር የሚናገረው ቃል ምን ያህል ክብደት እንዳለው ከዚህ ይታወቃል፤ የካህኑም ዝምታ እንዲሁ ክብደት አለው።

ስለ እጅ ስልክ

አሁን ወደ ዘመናችን ደረስን። የእጅ ስልክ ወደ አገራችን የገባው በ1991 ዓ.ም. ነው። ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ቴሌብር የሚባለው በስልክ ገንዘብ መላኪያ ተጀመረ፤ በ2017 ዓ.ም. ደንበኞቹ ከ50 ሚሊዮን በለጡ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ 5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን የኮምፒዩተር ሙያ ለማስተማር የታሰበ ሥራ ታወጀ። ክፍያው፣ ውሉ፣ መታወቂያው፣ ቀጠሮው ሁሉ ቀስ በቀስ ወደዚህች ትንሽ መስተዋት እየገባ ነው።

ይህ መሣሪያ ለጤና የሚሰጠውን ጥቅም በ2012 ዓ.ም. አይተናል። በመጋቢት 4 ቀን የኮሮና በሽታ በአገራችን መገኘቱ ከታወቀ በኋላ፣ ስልክ የደወለ ሰው ሁሉ የሚያነጋግረውን ሰው ከማግኘቱ በፊት እጅህን ታጠብ፣ ተጠንቀቅ የሚል ድምፅ ይሰማ ነበር። ፊደል የማያውቀውም ሰው በጆሮው ሰማ።

ነገር ግን በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካላቸው ሴቶች ማንበብ የሚችሉት ከ100 42 ብቻ ነበሩ፤ ወንዶቹ 69 ነበሩ። ማንበብ ለማይችል ሰው የጽሑፍ መልእክት የተዘጋ ደብዳቤ ነው። ገንዘብ ሲላክለት የምሥጢር ቍጥሩን ለሌላ ሰው ነግሮ ያስከፍታል፤ ያ ሰው ታማኝ ከሆነ መልካም ነው፤ ካልሆነ ግን ገንዘቡ ይጠፋል። ሽልማት ደርሶሃል እያለ የሚደውል አታላይም አስቀድሞ የሚያገኘው ይህንኑ የዋህ ሰው ነው። የሕመሙንም ነገር ለጐረቤት ልጅ ሳያስነብብ ሊያውቅ አይችልም፤ ምሥጢሩም በመንደር ይዞራል። በጭላሎ የሆነው እንደ ገና እንዳይሆን የምንፈራው ስለዚህ ነው፤ ያን ጊዜ ከበሩ ላይ የጽሕፈት ውል ተጠየቀ፤ ዛሬም ከበሩ ላይ ንባብና የምሥጢር ቍጥር ይጠየቃል። ያለው ይጨመርለታል፤ የሌለውም ካረሰው መሬት እንደ ተነሣው ጢሰኛ ከደጅ ይቀራል።

ስለምንሠራው ሥራ

እንግዲህ ምን እናድርግ? በሐዋርያት ሥራ የተጻፈውን የኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ ነገር ሁላችንም እናውቀዋለን። እርሱ ማንበብ ያውቅ ነበር፤ የሚመራው ሰው ግን አስፈለገው። ፊልጶስም መጽሐፉን ከእጁ ቀምቶ አላነበበለትም፤ ወደ ሠረገላው ወጥቶ ከአጠገቡ ተቀመጠ እንጂ። ይህ ለእኛ የማስተማር ሥርዓት ይሁነን። የእናቱን ስልክ ከእጅዋ ወስዶ ነገሩን ጨርሶ የሚመልስላት ልጅ ለዛሬ ብቻ ረዳት፤ ከአጠገብዋ ተቀምጦ በራስዋ ጣት ያስነካት ልጅ ግን ለዕድሜዋ ሁሉ ረዳት።

ለዚህ ሥራ አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች አሉን፤ ሰንበቴና ዕድር አሉን፤ ጤና ኬላ አለን። ከቅዳሴ በኋላ ወጣቶቹ አንድ ሰዓት ከሽማግሌዎችና ከባልቴቶች ጋራ ቢቀመጡ ብዙ ነገር ይሠራል። መጀመሪያም ከቍጥር መነሣት ይሻላል፤ 1፣ 2፣ 3 ተብሎ የሚጻፈው ቍጥር በአማርኛም በኦሮምኛም አንድ ነውና፣ በሁለቱ ፊደል መካከል የቀረውን ሰው ሁሉ ያገናኛል። ቍጥር የለየ ሰው መደወል፣ የገንዘቡን ልክ ማየት፣ የመድኃኒቱን ሰዓትና የቀጠሮውን ቀን ማወቅ ይችላል። ከዚህ በኋላ የምሥጢር ቍጥርን ለማንም አለመንገር፣ አታላዩን መለየት፣ ቀጥሎም ፊደሉ ይምጣ፤ እያንዳንዱም በሚናገረው ቋንቋ ይማር። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛይቱም በዕድሩ ስብሰባ ቀን ትጋበዝና፣ ስለ ክትባትና ስለ እናቶች ክትትል ትናገር። ካህኑም በስብከቱ መጨረሻ አንድ ቃል ይጨምር። ከሄጦሳ ውሃ እንደ ተማርነው፣ ምን መማር እንደሚፈልጉ አስቀድመን እነዚያኑ ያልተማሩትን እንጠይቃቸው። ከመሠረተ ትምህርቱም ዘመቻ እንደ ተማርነው፣ ሥራው የአንድ ክረምት አይሁን፤ የተማረው እንዳይረሳ በየሳምንቱ የሚያነበው ነገር ይሰጠው።

ሥራው መልካም መሆኑ የሚለካበትም ሚዛን አንድ ነው፤ ይኸውም ስንት ወጣት ዐዋቂ ሆነ የሚል አይደለም፤ ትናንት ስልክዋን ለሌላ ሰው ትሰጥ የነበረች ባልቴት ዛሬ ራስዋ ከፍታ አነበበች ወይ የሚል ነው።

አባቶቻችን ለተማሪ ቍራሽ፣ ለቀባሪ ድንኳን፣ ለውሃ ቦይ አዋጥተዋል። እኛም በዚህ በዓል ከምናቀርበው ስጦታ ሁሉ ጋራ፣ በሳምንት አንድ ሰዓት ጊዜያችንን እናዋጣ። እግዚአብሔር የአባቶቻችንን ሥራ ይቍጠርልን፤ እኛንም ለተመሳሳይ ሥራ ያንሣሣን። አሜን።